የሐይቅ ዳር ድንኳንና የአንድ ጸሐፊ ደብዳቤ

ቶሮንቶ በተባለው የካናዳ ከተማ ከሚኖሩት ብዙ ወገኖቻችን መካከል ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ ብትሆኑ፥ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ አግኝታችሁም እርሱን ልትጠይቁ ብትሄዱ፥ እርሱም «ወደ ሰሜን ወጣ ብለን በሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን ሦስት ሌሊት እንደር» ቢላችሁ፥ ነገሩ እንደ አነጋገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ድንኳኑ ሳይገዛ፥ ስንቁ ሳይሰናዳ አስቀድሞ የሚፈጸም የጽሕፈት ሥራ አለ። የኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት የፓርኮች አስተዳደር ቦታ መመዝገብ የሚጀምረው ከመድረሻው ቀን 5 ወር አስቀድሞ ነው። ያ ቀን በደረሰ ጊዜ፥ ጧት መዝገቡ ይከፈታል፤ ለሙቀቱ ወራት የሚፈለጉት፥ በውኃው አፋፍ ላይ ያሉት ቦታዎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው። አንድ ቤተ ሰብ ካልሆነ በቀር በአንድ ቁጥር ላይ ከ6 ሰው በላይ ማደር አይፈቀድም። ማገዶ ከቤት ጭኖ መምጣት አይገባም፤ እዚያው ይገዛል። ምግብም ሌሊት በድንኳን ውስጥ ማሳደር ክልክል ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እኔ ድንኳን ልተክል የተነሣሁት ከቢሮ ልሸሽ ነበር፤ ቢሮው ግን ተከትሎኝ መጣ» ቢል አይፈረድበትም። እንዲያውም እውነቱን ተናግሯል። ድንኳናችሁን የምትተክሉበት ጫካና ሐይቅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየው በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ በተጻፉ ደብዳቤዎች፥ በወጡ ሕጎችና በተላለፉ ትእዛዞች ነው፤ በዚያው ደብዳቤና በዚያው ሕግ ምክንያት ከጥንት ቦታቸው የራቁ ሰዎችም አሉ። የዛሬው ንግግር ስለ ሁለቱም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

የምንነጋገርበት ቦታ አልጎንኲን ፓርክ ይባላል። ከቶሮንቶ በስተ ሰሜን በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ የሚገኝ፥ ስፋቱ ከ7,600 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የደንና የሐይቅ አገር ነው። ታላላቆቹና ታናናሾቹ ሐይቆች ቢቆጠሩ ከ2,000 በላይ ናቸው። በጥንት ዘመን ምድሩን ሸፍኖት የነበረው የበረዶ ግግር እየቀለጠ ወደ ሰሜን ባፈገፈገ ጊዜ ዐለቱን ቦርቡሮት ሄደ፤ ጉድጓዱ ሁሉ ውኃ ሞላበት። አፈሩ ስስ ነው፤ ጥቂት እንደ ቆፈሩ ዐለት ይገኛል። ይህ ነገር ኋላ ለሚመጣው ታሪክ ሁሉ መሠረት ስለ ሆነ ልብ በሉት፤ አፈሩ እንደ አዳ ጥቁር አፈር ወፍራም ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የስንዴ እርሻ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዚያ ዐለት ላይ ነጭ ጥድ የሚባለው ረጅምና ቀጥ ያለ ዛፍ ይበቅላል። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች እንጨት እጅግ ይፈልጉ ስለ ነበረ፥ እንጨት ነጋዴዎች የኦታዋን ወንዝና ገባሮቹን ተከትለው ወደ ደጋው እየወጡ ይህን ጥድ ቆረጡ። ሠራተኞቹ የበረዶውን ወራት በግንድ ጎጆ ተጠልለው ሲቆርጡ ይቆዩና፥ በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሞላ ጊዜ ግንዱን በውኃ ላይ አንሳፍፈው ይሰዱት ነበር። ከዚያ በስተ ደቡብ ባለው አገር ደግሞ ከነጋዴው በኋላ መሬት ፈላጊው ገበሬ መጣ። የቀረውን ደን በእሳት መነጠረ፤ ጥቂት ዓመት ዘርቶ አፈሩ ሲያልቅበት ብዙው ትቶት ሄደ። ከኋላው የቀረው ድንጋይና የተቃጠለ ጉቶ ነበር።

በዚያን ጊዜ በቶሮንቶ ከተማ፥ በዘውድ መሬት መሥሪያ ቤት ውስጥ፥ አሌክሳንደር ኪርክውድ የሚባል ጸሐፊ ነበረ። ሚኒስትር አልነበረም፤ የምክር ቤት አባልም አልነበረም፤ የመንግሥት መሬት ለሰፋሪዎች በሚሸጥበት ክፍል የሚሠራ የቢሮ ሰው ነበር። ይህ ሰው በ1885 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ለቲ. ቢ. ፓርዲ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውም በማግሥቱ ዓመት ታትሞ ወጣ። አሳቡ፥ የወንዞች ምንጭ የሚገኝበት ከፍተኛው አገር ለሰፋሪ ሳይሸጥ ተከልሎ የደን ቦታ ሆኖ ይቀመጥ፥ ስሙም ጥንት በዚያ አገር በኖረው በአልጎንኲን ሕዝብ ስም ይጠራ የሚል ነው። መሬት በሚሸጥ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ጸሐፊ መሬት እንዳይሸጥ መምከሩ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ማን ነበር? የትኛው መሬት ተሸጦ ፍሬ እንደ ሰጠ፥ የትኛውም ተሸጦ ባዶ እንደ ቀረ ወረቀቱ የሚያልፈው በዚያ ክፍል ነው። በቢሮ ሥራ ብዙ ዓመት የቆያችሁ አንባቢዎች ይህን ሳትረዱት አትቀሩም፤ መዝገብ የሚያነብ ሰው ካገኘ ብዙ ነገር ይናገራል።

በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ጄምስ ዲክሰን የተባለ መሬት ቀያሽ በዚያው አካባቢ በድንኳን ስለ መቆየት የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው አገሩን በእግሩና በታንኳው የለካው ነው። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ አገሩን በመዝገብ፥ ሁለተኛው በመቅዘፊያ አወቀው ማለት ነው። በ1892 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚመረምር ባለ 5 አባል ኮሚሲዮን በተቋቋመ ጊዜ ሁለቱም በአንድነት ገቡበት፤ ሊቀ መንበሩ ኪርክውድ ነበር። ኮሚሲዮኑ በመጋቢት 1893 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ሕጉ ወጣ። ከደብዳቤው እስከ ሕጉ 8 ዓመት መሆኑ ነው፤ ጉዳዮች በየመሥሪያ ቤቱ የሚቆዩበትን ጊዜ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ረጅም ነው አይባልም።

የሕጉን ምክንያት ስትመለከቱ በመጀመሪያ የምታገኙት ውኃን ነው። መስኮካ፥ ማዳዋስካ፥ ፔታዋዋ፥ አማብል ዱ ፎንድና ሳውዝ የሚባሉት ወንዞች ምንጫቸው በዚህ ደጋ ነው። ደኑ ከተመነጠረ በረዶው በቀለጠ ጊዜ ጎርፍ ይሆናል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ወንዙ ይጎድላል፤ ግንድ የሚያንሳፍፈው ነጋዴና በወንዙ ኃይል የሚሠራው መጋዝ ሥራ ይፈታሉ። ከዚያ ቀጥሎ የአራዊት ጥበቃ፥ ከዚያም ለሕዝቡ የጤናና የዕረፍት ቦታ መሆኑ ይጠቀሳል። ድንኳን የሚተክል እንግዳ እንግዲህ በመጨረሻው ተራ የተጻፈ ነው። እንጨት ነጋዴዎቹ የመቁረጥ ፈቃዳቸው ስላልተነካ በሕጉ አልተጎዱም፤ እንዲያውም ጫካውን በእሳት የሚያጠፋው ሰፋሪ እንዳይገባ መከልከሉ ለእነርሱ የሚጠቅም ነበር። በሕጉ የተከለከሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መሬት የሚያርሰው ሰፋሪና አራዊት የሚያድነው አዳኝ።

አዳኙስ ማን ነበር? እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንድንል እለምናችኋለሁ።

የአልጎንኲን ሕዝብ በኦታዋ ወንዝ ሸለቆና በገባሮቹ አገር ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሕዝብ ነው። በርች ከሚባለው ዛፍ ልጥ የሚሠራውን ቀላል ታንኳ ያበጁ ነበር፤ ሐይቅ ከሐይቅ በየብስ በተለየበት ቦታ ታንኳውን በትከሻ ተሸክመው ይሻገራሉ። የበረዶው ወራት በደረሰ ጊዜ በየቤተ ሰቡ ተከፋፍለው ወደ ደጋው ይወጡና ሙስ የሚባለውን ታላቅ አጋዘንና ቢቨር የሚባለውን ባለ ውድ ጠጉር የውኃ እንስሳ ያድኑ ነበር። ይህን አገር በውል ለመንግሥት አሳልፈው የሰጡበት ሰነድ የለም። ቀደም ብዬ ከጠራኋቸው ወንዞች አንዱ፥ አማብል ዱ ፎንድ፥ የአንድ አልጎንኲናዊ ሰው ስም ነው።

ኪርክውድ ደብዳቤውን በጻፈበት በ1880ዎቹ ዓመታት፥ ከዚህ ሕዝብ የሆኑ ቤተ ሰቦች ሎረንስ በተባለው ወረዳ ውስጥ መሬት ተለይቶ እንዲሰጣቸው አቤቱታ አቅርበው ነበር። ወረዳው በዚያን ጊዜ ኋላ ፓርክ ለሆነው አገር ጎረቤት ነበረ። ጉዳዩ በፌዴራሉ መንግሥትና በጠቅላይ ግዛቱ መካከል ሲመላለስ ዓመታት አለፉ፤ ፓርኩ ከተቋቋመ በኋላ በ1890ዎቹ ከጠቅላይ ግዛቱ የመጣው መልስ፥ ቦታው ለፓርኩ ቅርብ ስለ ሆነና አራዊቱ ስለሚጎዱ አይቻልም የሚል ሆነ። ስማቸው ለፓርኩ ተሰጠ፤ መሬቱ ግን ለእነርሱ አልተሰጠም።

ይህን ስል ኪርክውድ ክፉ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። የሕዝቡን ስም በአክብሮት ነው የጠራው። ነገር ግን የጠራው የሙታንን ስም እንደሚጠሩ አድርጎ ነው፤ ያ ሕዝብ ደግሞ በሕይወት ነበረ፥ ደብዳቤም ይጽፍ ነበር፥ ጉዳዩም የሚወሰነው በዚያው በዘውድ መሬት መሥሪያ ቤት ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ገባ፤ አንዱ ስለ ሕዝቡ ስም፥ ሁለተኛው ስለ ሕዝቡ ኑሮ። የመጀመሪያው ሕግ ሆነ። በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው። በ1966 ዓ.ም. በአገራችን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በተቋቋመ ጊዜ፥ ከረዩዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት የነበረ ምድር በክልሉ ውስጥ ገብቶ የግጦሽና የውኃ ክርክር እንዳስነሣ የምታስታውሱ ሁሉ ነገሩ የካናዳ ብቻ አለመሆኑን ታውቃላችሁ።

ሕጉ በወጣበት በ1893 ዓ.ም. ፒተር ቶምሰን የተባለ አለቃ ከጥቂት የደን ዘበኞች ጋር በታንኳ ወደ ፓርኩ ገባና በካኑ ሐይቅ ዳር የመጀመሪያውን ጽሕፈት ቤት በግንድ ሠራ። ዘበኞቹ በየአንድ ቀን መንገዱ ጎጆ እየሠሩ፥ በሙቀት ጊዜ በታንኳ፥ በበረዶ ጊዜ በበረዶ ጫማ እየዞሩ ወጥመድ የሚያጠምደውን ያሳድዱ ነበር። ትናንት ባለ አገር የነበረው አዳኝ ዛሬ ሌባ ተባለ። ከአልጎንኲን ወንዶች ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ በእንጨት ቆራጭነትና እንግዳ በመምራት ወደዚያው ጫካ ተመለሱ፤ ከከተማ ለመጣው ሰው ድንኳን ሲተክሉለት፥ ዓሣ የሚገኝበትን ሲያሳዩት፥ ታንኳውን ሲሸከሙለት ኖሩ።

እንግዳው የመጣው በባቡር ነው። ጄ. አር. ቡዝ የተባለው የኦታዋ እንጨት ባለጸጋ ለራሱ ንግድ የዘረጋው ሐዲድ በ1890ዎቹ አጋማሽ የፓርኩን ደቡባዊ ክፍል አቋርጦ አለፈ፤ ከግንዱ ጋር ሰው መጫን ጀመረ። በ1908 ዓ.ም. ካሽ በሚባለው ሐይቅ ዳር ሃይላንድ ኢን የተባለ ሆቴል ተከፈተ፤ በአጠገቡም በእንጨት መደብ ላይ ድንኳኖች ተተክለው ይከራዩ ነበር። ወይዛዝርቱ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ከባቡር ይወርዱና ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፤ እራታቸውን ግን በሆቴሉ አዳራሽ ይበላሉ። ለድንኳን ኑሮ ይህ ጥሩ አጀማመር ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ዘመን ሰዎች ሁሉ ስሙ የቀረው የሥዕል ሠሪው የቶም ቶምሰን ነው። በ1912 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ፥ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በካኑ ሐይቅ አካባቢ እየተቀመጠ፥ አንዳንድ ጊዜ እንግዳ እየመራ፥ በ1916 ዓ.ም. የእሳት ዘበኛ ሆኖ እየሠራ፥ ጥዱንና ሐይቁን በትንንሽ ሰሌዳ ላይ ሣለ። በጁላይ 8 ቀን 1917 ዓ.ም. ታንኳውን ይዞ ብቻውን ወጣ፤ አስከሬኑ ከ8 ቀን በኋላ በዚያው ሐይቅ ተገኘ። አሟሟቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሥዕሎቹ በካናዳ ሰው ልብ ውስጥ አንድ ዓይነት አገር ቀረጹ፤ ዐለት፥ የጎበጠ ጥድ፥ ውኃ፥ ማንም ሰው የሌለበት። «ማንም ሰው የሌለበት» የሚለው ከየት እንደ መጣ አሁን እናውቃለን።

ከ1930ዎቹ ወዲህ ያለው የመኪና ታሪክ ነው። በዓለም ላይ የሥራ ማጣት በበረታበት በዚያ ዘመን መንግሥት ሥራ ላጡት ሥራ ለመስጠት በፓርኩ ደቡብ በኩል 60 ቁጥር የሚባለውን አውራ ጎዳና አሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠራተኛው ሕዝብ መኪና ገዛ፤ በመንገዱ ዳርና ዳር፥ በቲ፥ በሁለቱ ወንዞች፥ በፖግ፥ በሮክና በሌሎችም ሐይቆች አጠገብ የድንኳን ሠፈሮች ተደለደሉ። ያ ቁጥር ያለው ቦታ፥ ያ የእሳት ምድጃና ያ የእንጨት ገበታ እንዲህ መጣ። ሰው የድንኳን ቦታ በቁጥር መመደቡን ሲያይ ያስቀው ይሆናል፤ ለእኛ ግን አዲስ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር የሚሰፍርበትን የድንኳን ሠፈር ያመለክት ነበር፤ ፊታውራሪው ከፊት፥ ቀኛዝማቹ በቀኝ፥ ግራዝማቹ በግራ እያለ ማንም ድንኳኑን የሚተክልበትን ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር።

በዚህ ዘመን ስለ ነበረ ስለ አንድ ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ሳልናገር አላልፍም። ፍራንክ ማክዱጋል ከ1931 እስከ 1941 ዓ.ም. የፓርኩ አስተዳዳሪ ነበር፤ አውሮፕላኑን ራሱ እየነዳ ፓርኩን ከላይ ይጠብቅ ነበር። ይህ ሰው በሐይቆች ዳር፥ በታንኳ መሸከሚያ ጎዳናዎችና በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎች እንዳይቆረጡ ለማድረግ ደከመ። እንግዲህ ታንኳችሁን እየቀዘፋችሁ በሐይቁ ዙሪያ የምታዩት ያልተነካ የሚመስል ጥድ በትእዛዝ የቆመ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው በስተ ጀርባ የእንጨት መቁረጡ ሥራ እስከ ዛሬ አልቆመም። ከኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት ፓርኮች ሁሉ ለንግድ እንጨት የሚቆረጥበት አልጎንኲን ብቻ ነው፤ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን የሚያካሂድ የመንግሥት ድርጅት ተቋቁሞለታል። ይህን ሰምተው የሚከፉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የ1893ቱ ስምምነት ከመጀመሪያው ይኸው ነበር።

በ1954 ዓ.ም. መንግሥት አሳቡን ለወጠ። በፓርኩ ውስጥ ያሉት ሆቴሎችና የግል ቤቶች ቀስ በቀስ እየተገዙ እንዲወጡ፥ ቦታውም ወደ ጫካነቱ እንዲመለስ ተወሰነ። ሃይላንድ ኢን በ1956 ዓ.ም. ተገዝቶ በማግሥቱ ዓመት ሆን ተብሎ ተቃጠለ፤ በቦታው ላይም ጥድ ተተከለ። ከግል ቤቶቹ አንዳንዶቹ ግን በኪራይ ውል እስከ ዛሬ አሉ። ስለ ተኩላም እንዲሁ አሳብ ተለወጠ። ዘበኞቹ ሌላውን አራዊት እንጠብቃለን እያሉ ለብዙ ዓመታት ተኩላን ይገድሉ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዳግላስ ፒምሎት የተባለ ሊቅ የተኩላን ጠባይ ማጥናት ጀመረ፤ ሰው እንደ ተኩላ ቢጮህ ተኩላ መልስ እንደሚሰጥ ተረጋገጠ። በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ሕዝቡ ይህን እንዲሰማ ማታ በተጠራ ጊዜ ከ600 በላይ ሰዎች መኪናቸውን በጎዳናው ዳር አሰልፈው በጨለማ ጸጥ ብለው ቆሙ። ዛሬም በነሐሴ ወር ተኩላዎች ለመንገዱ ቀርበው በተገኙበት ሳምንት ይህ ይደረጋል፤ ጉዟችሁን በነሐሴ ብታደርጉት አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ስለ ዝግጅቱ እንግዲህ ታሪኩን ካወቃችሁ ደንቡ ሸክም አይሆንባችሁም። በግንቦትና በሰኔ የሚነክስ ጥቁር ዝንብና ትንኝ ስለሚበዛ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም፤ ሌሊቱ በነሐሴም ቢሆን ይቀዘቅዛልና ጋቢ አትርሱ። ማገዶ ከሩቅ አትጫኑ የተባለው፥ ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ በእንጨት ውስጥ ተደብቆ ከአገር ወደ አገር እየተሻገረ አሽ የሚባለውን ዛፍ ስለ ፈጀ ነው። ምግቡ በመኪና ውስጥ ተዘግቶበት እንዲያድር የታዘዘው በድብ ምክንያት ነው፤ ሽታ ተከትሎ አንድ ጊዜ ከሰው ሠፈር የበላ ድብ ይመላለሳል፥ የሚመላለስ ድብም በመጨረሻ ይገደላል። እንግዲህ ደንቡ እናንተን ብቻ ሳይሆን ድቡንም የሚጠብቅ ነው።

ከመንገዱ ርቃችሁ፥ ታንኳ ተሸክማችሁ ወደ ውስጠኞቹ ሐይቆች ለመግባት ካሰባችሁ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቦታ የሚፈቀደው እስከ 9 ሰው ነው። በዚያ ክፍል ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ቆርቆሮና ጠርሙስ ይዞ መግባት ተከልክሏል፤ እንግዳው ባዶውን በየሐይቁ ዳር እየጣለ ስላስቸገረ ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ ብለው በየሱቁ ልዩ የደረቀ ምግብ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። እናንተ ግን በሶ፥ ቋንጣና ድርቆሽ በከረጢት ቋጥራችሁ ብትሄዱ ደንቡ ሳይጣስ ትጠግባላችሁ፤ የዘማች ስንቅ ከጥንት ጀምሮ ቆርቆሮ አያውቅምና። ቡናም ይፈላል፤ እሳቱ ከተሠራለት ምድጃ አይውጣ እንጂ። በታንኳ ስትወጡ የመንሳፈፊያውን ልብስ ልበሱ፤ የሐይቁ ውኃ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳ ቀዝቃዛ ነው፥ ነፋስም በድንገት ይነሣል።

የአልጎንኲን ሕዝብ ጉዳይስ እንዴት ሆነ? በ1980ዎቹ አቤቱታው እንደገና ቀረበ። በ1991 ዓ.ም. የኦንታሪዮ መንግሥት፥ በ1992 ዓ.ም. የካናዳ መንግሥት ለመደራደር ተስማሙ፤ በኦክቶበር 2016 ዓ.ም. ሦስቱ ወገኖች የመግባቢያ ስምምነት ፈረሙ። በስምምነቱ መሠረት ከዘውድ መሬት ከ117,000 ኤክር በላይ ለአልጎንኲኖች እንዲተላለፍ ታስቧል፤ ፓርኩ ግን ፓርክ ሆኖ ይቆያል። ከእነርሱ መካከል ይህ ጥቂት ነው የሚሉና ስምምነቱን የተቃወሙ አሉ። ይሁንና ድርድሩ በተከፈተበት በ1991 ዓ.ም. አንድ ነገር ወዲያው ተለውጧል። ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት አልጎንኲኖች በፓርኩ ምሥራቃዊ ክፍል በየዓመቱ፥ በተወሰነ ቁጥርና ራሳቸው በሚያወጡት ደንብ መሠረት፥ ሙስ እንዲያድኑ ተፈቀደላቸው። የአደኑ ጊዜ የሚጀምረው በጥቅምት ነው። በዚያ ጊዜ የዛፉ ቅጠል ቀልቶ ረግፏል፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ያሉት የድንኳን ሠፈሮች አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ የእናንተም ድንኳን ተጠቅልሎ ቶሮንቶ ገብቷል፤ እነርሱ በምሥራቁ በር ይገባሉ።